ልጅ የሌላት አህያ

እናንተ ጆሮ አምጡ፣ እኔ ወንዝ አመጣለሁ።

አንዲት አህያ ነበረች። ውርንጭላዋ ከመንጋ ጋር ወንዝ ተሻግራ እዚያው ማዶ ቀረችባት። ወንዙን የሚያሻግረው ጉማሬ ነው፤ እሱ ደግሞ ሳይጠይቅ ማንንም ጀርባው ላይ አያወጣም።

አህያም ምን ብላ እንደምትመልስለት ጨንቋት ጦጣ ዘንድ ሄደች። ጦጣ እግሩ ውሃ ነክቶት አያውቅም፣ ግን የማሻገር ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ ይላል። ለክረምት ያስቀመጠችውን ገብስ ተቀብሎ ካጣጣመ በኋላ፣

«እትዬ፣ ልጅ አለኝ እንዳትይ» አላት። «ማዶ ዘመድ ያለው ሄዶ ይቀራል ብለው ነው የሚያስቡት። ማንም የለኝም፣ ሣሩን አይቼ ልመለስ ነው በይ። ስንቱን በዚህች ዘዴ አሻግሬያለሁ መሰለሽ።»

«ውሸት አይሆንብኝም?»

«እስቲ እውነት ተናግሮ የተሻገረ አሳዪኝ።»

አህያ ወንዙ ዳር ደረሰች። ጉማሬው ከውሃው ብቅ አለና፣ «ማዶ ማን አለሽ?» አላት።

«ማንም የለኝም፣ ጌታዬ።»

«ልጅም?»

«ልጅም የለኝም። ሣሩን አይቼ ልመለስ ነው።»

«እኔ ለሣር ጉብኝት ጀርባዬን አላበድርም» አላትና ቀስ እያለ ወደ ማዶ ዋኘ።

ማዶ ዳር ላይ አንዲት ውርንጭላ ቆማ ትጠብቀው ነበር።

«ጋሼ፣ እናቴ አልመጣችም? እርስዎ እኮ፣ ከመጣች አሻግራታለሁ ብለውኝ ነበር።»

«ብያለሁ፣ አሁንም አሻግራታለሁ» አላት። «ግን ዛሬም አልመጣችም። አንዲት አህያ መጥታ ነበር፤ እሷ ግን ልጅ የላትም።»