ሸረሪቷን ማን ይጥረግ?

ተረት ተረት ብል «የላም በረት» ትሉኛላችሁ። በዚህ ተረት ውስጥ ላም የለችም፣ ፍየል ግን አለች። ስለዚህ «የፍየል በረት» በሉኝና ልቀጥል።

ሐይቅ ዳር ባለች ሞቃት ከተማ ጋሽ ሸዋንግዛው የሚባሉ ጡረተኛ ነበሩ። ልጃቸው ትርንጎ ከወለደች ሦስተኛ ቀኗ ነው፤ ዛሬ ከምሳ በፊት ከሐኪም ቤት ወደ አባቷ ቤት ትመጣለች። ጋሽ ሸዋንግዛው አልጋውን አነጠፉ፣ አንሶላውን ወጠሩ፣ ቀና አሉ። ከአልጋው በላይ ጥጉ ላይ ሸረሪት ተቀምጣለች።

በእኛ ሰፈር ሸረሪት ሰው ላይ ከሸናች ታቆስላለች ይባላል። ማን እንዳየ አይታወቅም፤ ብቻ ይባላል። ጋሽ ሸዋንግዛውም የሦስት ቀን ሕፃን ፊት ታያቸውና ደነገጡ። የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የልጅ ልጃቸው በሰላም ይተኛ።

«አንቺ ሸረሪት፣ ከዚህ ውረጂ» አሏት።

«ቤቴ ነው፤ አልወርድም» አለች ሸረሪት።

ወደ መጥረጊያ ሄዱ። «መጥረጊያ መጥረጊያ፣ ሸረሪቷን ጥረጋት፤ ሸረሪት አልወርድም አለች፤ ልጁ የት ይተኛ?»

«እኔ የወለል ነኝ፤ ጣሪያ ላይ ምን አወጣኝ? ደግሞስ ሸረሪት ምን አደረገችኝ? አልጠርግም» አለ መጥረጊያ።

ወደ ፍየል ሄዱ። «ፍየል ፍየል፣ መጥረጊያውን ብዪው፤ መጥረጊያ ሸረሪት አልጠርግም አለ፣ ሸረሪት አልወርድም አለች፤ ልጁ የት ይተኛ?»

ፍየሏ በአጥር ቀዳዳ የጎረቤት ጎመን ታያለች። «ጎመን እያለ ደረቅ ሣር? ለዚያውም አቧራ የጠጣ? አልበላም» አለች።

ወደ ገመድ ሄዱ። «ገመድ ገመድ፣ ፍየሏን እሰራት፤ ፍየል መጥረጊያ አልበላም አለች፣ መጥረጊያ ሸረሪት አልጠርግም አለ፣ ሸረሪት አልወርድም አለች፤ ልጁ የት ይተኛ?»

«ፍየል ስትታሰር ትጮሃለች፤ ሰፈሩ የሚረግመው ደግሞ እኔን ነው። አላስርም» አለ ገመድ፣ ምስማሩ ላይ እንደተንጠለጠለ።

ወደ አይጥ ሄዱ። «አይጥ አይጥ፣ ገመዱን ቁረጪው፤ ገመድ ፍየል አላስርም አለ፣ ፍየል መጥረጊያ አልበላም አለች፣ መጥረጊያ ሸረሪት አልጠርግም አለ፣ ሸረሪት አልወርድም አለች፤ ልጁ የት ይተኛ?»

አይጧ ከጤፍ ከረጢቱ ሥር ብቅ አለች። «ሥራ ላይ መሆኔ አይታይዎትም? ገመድ ጥርስ ይጎዳል እንጂ ሆድ አይሞላም። አልቆርጥም» አለች። ጋሽ ሸዋንግዛው የጤፉን ነገር ለሌላ ቀን አቆዩት። አንድ ጠብ ይበቃል።

ወደ ድመት ሄዱ። «ድመት ድመት፣ አይጧን ያዣት፤ አይጥ ገመድ አልቆርጥም አለች፣ ገመድ ፍየል አላስርም አለ፣ ፍየል መጥረጊያ አልበላም አለች፣ መጥረጊያ ሸረሪት አልጠርግም አለ፣ ሸረሪት አልወርድም አለች፤ ልጁ የት ይተኛ?»

ድመቷ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ትሞቃለች። አንድ ዓይኗን ከፈተች። «ዛሬ?» አለችና መልሳ ጨፈነችው። አልይዝም ማለቷ ነው።

ነገርን ነገር ያነሳዋል፤ የአንዲት ሸረሪት ጉዳይ ጋሽ ሸዋንግዛውን ግቢውን ሙሉ አዞራቸው። ላብ በላብ ሆነው የውኃ በርሜሉ ጋ ደረሱ። ከበርሜሉ ጀርባ ቢንቢ አለች።

«ቢንቢ ቢንቢ፣ ድመቷን ንከሻት፤ ድመት አይጥ አልይዝም አለች፣ አይጥ ገመድ አልቆርጥም አለች፣ ገመድ ፍየል አላስርም አለ፣ ፍየል መጥረጊያ አልበላም አለች፣ መጥረጊያ ሸረሪት አልጠርግም አለ፣ ሸረሪት አልወርድም አለች፤ ልጁ የት ይተኛ?»

«የቱ ልጅ?» አለች ቢንቢ።

«የልጅ ልጄ ነዋ። ገና ሦስት ቀኑ ነው።»

«ታዲያ ጠጉራም ድመት ምን አስነከሰኝ? ልጁን እጠብቃለሁ» አለች ቢንቢ።

ጋሽ ሸዋንግዛው የዱሮው ወባ ትዝ አላቸው። ትርንጎን በአምስት ወሯ ወባ ይዟት፣ እዚሁ ቤት ውስጥ ሳምንት ሙሉ ደረታቸው ላይ ይዘዋት ሲመላለሱ ነበር። ያን ትኩሳት እስከ ዛሬ አልረሱትም። ፈሩ፣ ከልባቸው ፈሩ።

«ለመሆኑ አንቺን የሚበላ ማነው?» አሉ።

ቢንቢ ሳቀች። «በዚህ ቤት የምፈራት አንዲት ብቻ ናት። እሷንም ከጧት ጀምሮ ሊያስወጡልኝ እየደከሙ ነው። እግዜር ይስጥልኝ።»

ጋሽ ሸዋንግዛው ወደ መኝታ ክፍሉ ተመለሱ። ኮፍያቸውን አወለቁ። «እመት ሸረሪት» አሉ፤ ጧት «አንቺ» ሲሉ የነበሩት ሰውዬ።

«አቤት» አለች ሸረሪት።

«ቢንቢዋን ይብሉልኝ። ቢንቢ ድመት አልነክስም አለች፣ ድመት አይጥ አልይዝም አለች፣ አይጥ ገመድ አልቆርጥም አለች፣ ገመድ ፍየል አላስርም አለ፣ ፍየል መጥረጊያ አልበላም አለች፣ መጥረጊያ ደግሞ…» እዚህ ላይ አፈሩና ዋጡት። «ብቻ ልጁ የት ይተኛ?»

«መጀመሪያ መነጽርዎን ያድርጉና ይዩኝ። ከጧት ጀምሮ ሲያሳድዱኝ አንዴ እንኳ አላዩኝም።»

መነጽራቸውን አድርገው አዩአት። እግሯ ስምንት ነው፣ እንደ ክር የቀጠነ። ሆዷ የገብስ ፍሬ ቢያህል ነው። ድሯ ጥጉ ላይ ተዝረክርኳል።

«እኔ የጥግ ነኝ» አለች ሸረሪት። «ከጥጌ አልወርድም፣ ሰውም ነክሼ አላውቅም። መስኮቱ ላይ ያለ ድር የምትዘለው ትንሿ ሸረሪት ዝንብ አዳኝ ናት፤ እሷንም አይንኳት። ከድንጋይ አጥሩ ሥር ጠጉራም ትልቅ ሸረሪት ካዩ ግን እኔ አላውቃትም፤ ዞር ብለው ይለፉ።»

«ሽንትሽስ… ሽንትዎስ?»

«ይህን በምታህል ሆድ ስንት ሽንት ይያዛል ጋሼ?»

ሸረሪትም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ቢንቢ፣ ምሳዬ አንቺ ነሽ» አለች።

ይሄኔ ቤቱ ድብልቅልቁ ወጣ። ቢንቢ «ኧረ ድመቷን እነክሳለሁ» አለችና ነከሰቻት። ድመት አይጥ ልትይዝ ዘለለች፣ አይጥ ገመድ ልትቆርጥ ሮጠች፣ ገመድ ፍየል ሊያስር ከምስማሩ ወረደ፣ ፍየል መጥረጊያ ልትበላ አፏን ከፈተች፣ መጥረጊያም «ኧረ እጠርጋለሁ፣ የታለች ሸረሪቷ?» እያለ ወደ መኝታ ክፍሉ መጣ።

ጋሽ ሸዋንግዛው በሩ ላይ ተገተሩ። «ተመለስ።»

«ከጧት ጀምሮ ጥረጋት ያሉኝ እርስዎ አይደሉም?»

«ነኝ፤ ተሳስቼ ነው። ወለሉን ጥረግ፣ ጥጉን ተወው።»

ቢንቢዋ በድመት ደም ከብዳ መደበቂያ ስትፈልግ ጥጉ ጋ ደረሰች። ድሩ ያዛት። ሸረሪት ጠቅልላ አስቀመጠቻት።

ባጃጅ ደጅ ቆመ። ትርንጎ ልጇን ታቅፋ ገባች፣ አልጋውን አየች፣ ጥጉንም አየች። «አባዬ፣ ድሩን ሳትጠርገው? ብትሸናበትስ?»

«እኔም ጧት እንደዚያው ስል ነበር» አሉ ጋሽ ሸዋንግዛው። «አንቺ የተወለድሽ ጊዜ በዚህ ቤት አንድ ድር አላስቀረሁም። ወባው ግን አልቀረልሽም።»

ትርንጎ ልጇን ለአባቷ አቀበለች። ከዚያ ከቦርሳዋ አጎበር አውጥታ ከምስማሩ በወረደው ገመድ ሰቀለች፤ ሸረሪት ብቻዋን ሁሉን አትችልማ። ድሩን እንዳይነካው ግን ገመዱን ትንሽ ዝቅ አድርጋ አሰረችው። አሁን ቢንቢ የለችም፣ ድመት ፀሐይዋን ትሞቃለች፣ አይጥ ጉድጓዷ ገብታለች፣ ገመድ አጎበር ይዟል፣ ፍየል ጎመን ታያለች፣ መጥረጊያ ወለል ይጠርጋል፣ ሸረሪት ጥጓ ላይ ናት፣ ልጁም ተኛ።

ተረቴ ይኸው ነው። አፌን በዳቦ የምታብሱልኝ ከሆነ ቀስ ብላችሁ፣ ልጁ እንዳይነቃ።