የአህያዋ ጀልባና አሮጌው ሽቦ

አንድ ጊዜ፣ ጠዋት ጠዋት ጉም በሚውጠው ሐይቅ ላይ፣ ዳልቻ የምትባል አህያ ጀልባ ትነዳ ነበር። ዕድሜ ልኳን በጀርባዋ ስትሸከም ኖራ በመጨረሻ ሸክሙን ለጀልባ ያስረከበች አህያ ናት። ከደሴቱ እህልና መንገደኛ ጭና ወደብ ታደርሳለች። ጀልባዋ ከእጇ ከወጣች ግን ተመልሶ ጀርባን ለጆንያ መስጠት ነው። ይህን ስታስብ ሳር እንኳ አይወርድላትም።

ታዲያ በሐይቁ መሀል ውሃ ውስጥ የተደበቀ ትልቅ ድንጋይ አለ። በዚያ ክረምት ሁለት ጀልባ ሰበረ። የሐይቁ ሹም አያ አንበሶ ተቆጡና ዳልቻን አስጠሯት።

«መንገድ ጠቋሚሽ አርጅቷል» አሏት። «አዲስ ግዢና አስገጥሚ። ቅዳሜ ጠዋት፣ ጉሙ ሳይነሣ፣ ከደሴቱ ወደ ወደቡ ትመጪያለሽ። እኔ ቆሜ እጠብቃለሁ። ካልሆነልሽ ጀልባዋ ከውሃ ትወጣለች።»

«እሺ ጌታዬ» አለች። ሌላ ምን ትበል?

መንገድ ጠቋሚ የሚሸጠው ቀበሮ ነው። ሱቁ ስትገባ አዲሱን ዕቃ አብርቶ አሳያት። ስክሪኑ ላይ ሰማያዊ ሐይቅ አለ፣ ትንሽ ጀልባ አለ፣ ከጎኑ የውሃው ጥልቀት ተጽፏል።

«ከጀልባሽ ሆድ ሥር ያለው መለኪያ ጥልቀቱን ይልካል፣ ይሄ ይቀበላል» አላት። «ድንጋይ ሲቀርብሽ ይጮኻል።»

«ሽቦውስ?»

«የድሮው ሽቦሽ ይበቃል፣ እትዬ ዳልቻ። መቀጠል ብቻ ነው» አለ፣ ዓይኑን ወደ ጣሪያው እያነሣ።

በዚያ አካባቢ ሽቦ የሚቀጥል አንድ ጅብ ብቻ ነበር። አትሳቁ። አህያ ጅብን በገዛ አፏ ስትጠራ እኔም ገርሞኛል። ግን አያ አንበሶ በሐይቁ ዳር መበላላትን ከልክለው ነበር፤ ደግሞስ ሌላ ባለሙያ ከየት ይምጣ?

አያ ጅቦ የጀልባዋን የወለል ሳንቃ ነቅሎ አንገቱን ከተተ። የዚያ ሐይቅ ጀልባ ሠሪዎች ልማድ አላቸው፤ ሽቦ ሲቀጥሉ ውሃ እንዳያስገባ መጋጠሚያውን ሞራ በጠጣ ጠፍር ይጠቀልሉታል። ለሽቦው መልካም ነው። ለጅብ ግን ምሳ ነው። ዳልቻ ከላይ ሆና የማኘክ ድምፅ ሰማች።

«አያ ጅቦ፣ ምን እየበላህ ነው?»

«እያጠበቅኩ ነው።»

«በጥርስ?»

«ባለሙያ በጥርሱ ነው የሚያጠብቀው።» ቀና ሲል ከንፈሩ በሞራ ያብረቀርቃል። ወደ ስክሪኑ ሄዶ የቀረውን አሰረ። «ቀይ ከቀይ፣ ሰማያዊ ከሰማያዊ። ከዚህ ሌላ ሥራ የለውም።»

ዳልቻ አበራችው። ስክሪኑ ቦግ አለ፤ ሰማያዊው ሐይቅ፣ ትንሿ ጀልባ፣ ሁሉም አለ። ጥልቀቱ አርባ ክንድ ይላል። ደስ አላትና በጀልባዋ ጎን ወደ ታች አየች። እዚያው አጠገቧ ሽመላ ቆማለች። ውሃው ጉልበቷ አልደረሰም።

«አያ ጅቦ፣ አርባ ክንድ ይላል እኮ።»

«ጎሽ።»

«ሽመላዋ ቆማለች።»

ጅቡ ሽመላዋን አየ፤ ምራቁን ዋጠ። «ሽቦው ልክ ነው። ችግሩ ከዕቃው ነው። ቀበሮን ጠይቂው» ብሏት ሄደ።

ቀበሮ ዘንድ ሄደች። «ዕቃው ምንም አልሆነም፤ ሲሠራ በዓይንሽ አይተሻል» አላት። «ችግሩ ከሽቦው ነው። ጅቡን ጠይቂው።»

ጅቡ ዘንድ ተመለሰች፤ ዕቃው ነው አላት። ቀበሮ ዘንድ ሄደች፤ ሽቦው ነው አላት። ሁለቱን አንድ ላይ ላገናኝ ስትል አንዱ ሲገኝ አንዱ ይጠፋል። ጅቡ «ነገ መጥቼ አየዋለሁ» ይላል፤ የሱ ነገ እስካሁን አልደረሰም። ቀበሮ ደግሞ ገና ከሩቅ ሲያያት የሱቁን በር ይዘጋል። እናንተ ብትሆኑ አታብዱም? እሷ ኮቴዋ እስኪያልቅ ተመላለሰች። ዓርብ ሆነ። ቆሽቷ አረረ።

«እንግዲህ በቃኝ» አለች ለራሷ። «ተለማመጥኩ፣ አልሆነም። በሌላ መንገድ እሞክራለሁ።»

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ጅቡን አገኘችው። «አያ ጅቦ፣ ወደቡ ላይ ለአያ አንበሶ ሰንጋ ተጥሏል አሉ። ላድርስህ?» ሳትጨርስ ተሳፈረ። ቀበሮን ደግሞ «ባለጀልባው ሁሉ ያንተን ዕቃ ሊያይ ወደብ ላይ ተሰብስቧል፤ እዚያው ብትሸጥላቸውስ?» አለችው። ሻንጣውን አንጠልጥሎ ከች አለ።

«ይሄ እዚህ ምን ያደርጋል?» አለ ጅቡን ሲያይ። ሞተሩ ግን ተነሥቶ ነበር።

ጉሙ ዓይን አያስገልጥም። ሞተሩ ያጓራል፣ ጀልባዋ ትወዛወዛለች። ትንሽ ቆይቶ ውሃ ድንጋይ ላይ ሲመታ ይሰማ ጀመር። ስክሪኑ አርባ ክንድ ይላል።

«እትዬ ዳልቻ፣ ያ ድንጋይ በየት በኩል ነው?» አለ ቀበሮ።

«እኔ ምኑን አውቄ? አንተ ዕቃው ልክ ነው ብለሃል። አያ ጅቦ ሽቦው ልክ ነው ብሏል። ሁለታችሁንም አምኜ መሄድ ነው» አለችና ሞተሩን ጨመረች። ድምፁ ቀረበ።

«አቁሚ» አለ ቀበሮ። ጆሮው ተለጥፏል። «አርባው ውሸት ነው። ስክሪኑ ከታች መልስ ሲያጣ የሱቁን ሥዕል ያሳያል፤ ለገዢ እንዲያምር ብዬ እኔ ነኝ ያስገባሁት። ቀለሙም አይገጥምም፤ የአሮጌው ቀይ ከአዲሱ ቢጫ ጋር ነው የሚታሰረው። ሲያቅትሽ አዲስ ሽቦ ከኔ ትገዢያለሽ ብዬ ዝም አልኩ።»

ዳልቻ ወደ ጅቡ ዞረች። «አንተስ?»

«ጠፍሩን በላሁት» አለ ጅቡ መሬት መሬት እያየ። «ሽቦውም አብሮ ተበጠሰ። ጫፉን ወሽቄ ሳንቃውን መለስኩት።»

«ታዲያ ምን ታዩኛላችሁ? ሥሩታ።»

ጅቡ ሳንቃውን ነቀለ። ቀበሮ ከሻንጣው ጥቁር የሽቦ መጠቅለያ ናስትሮ አውጥቶ፣ ቀለሙን በየተራ እየነገረው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው ሠሩ። ሳምንት ሙሉ ያንከራተታት ሥራ አንድ ጆንያ ለመጫን የሚፈጀውን ጊዜ እንኳ አልፈጀም። ስክሪኑ ጠፋ፣ በራ፣ አንድ ክንድ ብሎ ጮኸ።

ያኔ ዳልቻ ወደ ጀልባዋ ኋላ ሄዳ አንድ ረጅም ገመድ ፈታች። ጀልባዋ እስካሁን ከደሴቱ ምሰሶ ጋር ታስራ ዳር ዳሩን ስትዞር ነበር። ሲሰሙት የነበረው ውሃ የደሴቱን ድንጋያማ ዳርቻ ነበር የሚመታው።

«እንግዲያው እኛ እንውረድ» አለ ቀበሮ።

«ለምን? ተሠርቷል አላላችሁም?» አለችና ነዳች። መሀል ሲደርሱ ስክሪኑ ጮኸ፤ ዳልቻ መሪውን አዞረች፤ ድንጋዩን በጎን አለፉት።

አያ አንበሶ ወደቡ ላይ ቆመው ነበር። «በዚህ ጉም እንዴት መጣሽ?»

«ሠሪዎቹን አሳፍሬ» አለች ዳልቻ።

አንበሳውም ጀልባዋ በውሃ ላይ ትኑር ብለው ፈረዱ። ጅቡ ግን አፍንጫውን እያነፈነፈ ወደቡን ሦስቴ ዞረና ተመልሶ መጣ። «እትዬ ዳልቻ፣ ሰንጋው የታለ?»

«ችግሩ ከኔ አይደለም» አለችው ገመዷን እየጠቀለለች። «ቀበሮን ጠይቀው።»

ከዚህ የምንማረው፣ ሠሪና ሻጭ ጥፋቱን አንዱ በሌላው ማላከክ የሚተዉት በሠሩትና በሸጡት ነገር ራሳቸው ሲሳፈሩ መሆኑን ነው።