ፎቅ ያልወጣው ኪቦርድ

አንድ ሰው ነበረ። በቤተ ክርስቲያኑ ኪቦርድ ይጫወታል። ፀጉሩ ሸብቷል፤ ጣቶቹ ግን አልሸበቱም። እናንተ ስትዘምሩ እጃችሁን ታነሣላችሁ፤ የእሱ እጅ ግን ሥራ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በየጉባኤው አለ አይደል? መኖሩ ትዝ የሚለን የቀረ ዕለት ነው።

ታዲያ የጉባኤው ኪቦርድ አረጀ። መሐል ላይ ያሉት ቁልፎቹ ዝም አሉ። ሽማግሌዎቹ ተነጋገሩና ሰውዬውን ጠሩት። "እስከ ዛሬ የሰጠንህን ስትጫወት ኖረሃል። የአሁኑን አንተ ራስህ ምረጥ" አሉት። ደስታውን አትጠይቁኝ! ከሽማግሌዎቹ አንዱ ከሆኑት ከጋሽ ሞሲሳ ጋር ፒያሳ ወዳለ የሙዚቃ መሣሪያ መሸጫ ሄደ።

ሻጩ ሁለት ኪቦርድ አወጣለት። የአንደኛው ቁልፎች ከባድ ናቸው፤ እንደ ፒያኖ ውስጣቸው መዶሻ ስላለ ጣትን ይታገላሉ። የሁለተኛው ቁልፎች የዚያን ግማሽ እንኳ አይከብዱም፤ ነካ ሲያደርጓቸው ይጮኻሉ።

ሰውዬው ከባዱን አንድ ጊዜ ተጫነው። ከዚያ እጁን ሳያነሣ እዚያው ቆመ።

ምን ሆነ መሰላችሁ? ልጅነቱ መጣበት! ወለጋ፣ ሚሲዮን ግቢ፣ የቆርቆሮው አዳራሽ፣ ያ ጥቁር ፒያኖ! ክረምት ሲገባ እንጨቱ እርጥበት ይጠጣና ቁልፎቹ አልጫን ይላሉ። መምህር ኢተፋ ከኋላው ቆመው "ጣትህን አትወርውር ልጄ፤ አሳርፈው" ይሉታል። ነሲሴ የምትባል የክፍሉ ልጅ ከጎኑ ሆና ትዘምራለች። ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድብ እሷ ድምፅዋን ከፍ ታደርጋለች፤ እሱም ጣቱን ጠበቅ ያደርጋል። ያ ሁሉ፣ ወገኖቼ፣ ባንድ ቁልፍ ውስጥ ተመልሶ መጣ። እንዴት አይወደው?

"የትኛው ተሻለህ?" አሉት ጋሽ ሞሲሳ።

"ከባዱ።"

ጋሽ ሞሲሳ ሙዚቃ የሚባል ነገር አያውቁም። ጎንበስ ብለው ያንን ኪቦርድ ብድግ ሊያደርጉት ሞከሩ። ወዲያው ወገባቸውን ይዘው ቀና አሉ። "እውነትህን ነው፤ ከባድ ነው!"

"ኧረ ጋሼ፣ እኔ የምለው ቁልፉን ነው።"

"እኔ ደግሞ ተሸካሚውን ነው።"

ሳቃችሁ አይደል? እሱም ስቋል። ሳቀና ከባዱን ገዛ።

የመጀመሪያው እሑድ፣ እሑድ ነበረ! መዝሙሩ ሌላ ሆነ። ሰው አለቀሰ። ሰውዬውም እያለቀሰ ተጫወተ። ክፉ ነገር አደረገ? አላደረገም። ጥሩ ነገር ነው የገዛው፤ ለእግዚአብሔር ቤት ነው የገዛው። ይህን ያዙልኝ።

የዚያ ጉባኤ መዘምራን ግን አንድ ልማድ አላቸው። እሑድ ከአምልኮ በኋላ የታመመ ሰው ቤት ሄደው ይዘምራሉ። ከታመሙት አንዷ ማን ናት? ነሲሴ! አዎ፣ ያቺው የሚሲዮን ግቢ ልጅ። እሷም አዲስ አበባ መጥታ፣ እዚያው መዘምራን ውስጥ ዕድሜዋን ዘምራ፣ አሁን እግሯ አልታዘዝ ብሏት ኮንዶሚኒየም የመጨረሻው ፎቅ ላይ ተኝታለች። ሊፍት የለም። አሮጌውን ኪቦርድ ሰውዬው ራሱ በብብቱ ይዞት ይወጣ ነበር። አዲሱን ማን ያውጣው?

"በሚቀጥለው እሑድ ሰው እንፈልግና እናወጣዋለን" ተባለ። የሚቀጥለውም መጣ፣ አለፈ። መዘምራኑ "ና፣ ያለ ኪቦርድ እንሂድ" ሲሉት "ባዶ እጄን ሄጄ ምን አደርጋለሁ?" አለ። እነሱ ሲሄዱ እሱ ይቀራል። ባዶው አዳራሽ ውስጥ ብቻውን ይቀመጥና ያንን የልጅነት መዝሙር ይጫወታል። መምህር ኢተፋ በዓይኑ ላይ ይመጣሉ፤ ነሲሴ በዓይኑ ላይ ትመጣለች። እንባው ይወርዳል።

እዩልኝ እንግዲህ! መምህር ኢተፋስ አርፈዋል። ነሲሴ ግን እኮ አለች! አንድ ታክሲ ተሳፍሮ የሚያገኛትን ሰው ነው ቁጭ ብሎ የሚናፍቃት። የናፈቀው የቁልፉ ክብደት መሰለው።

አንድ ቀን ስልኩ ጮኸ። ነሲሴ ናት።

"ጠፋህ" አለችው።

"ነሲሴ፣ ምን ላድርግ ብለሽ ነው? አዲሱ ኪቦርድ በጣም ከባድ ነው። ፎቅ አይወጣም።"

"እሺ፣ እሱ አይወጣም" አለች። "አንተስ?"

ምን ይበላት? እስቲ እናንተ መልሱለት።

በማግስቱ ኪቦርዱን አስጭኖ ሱቁ ሄደ። ሻጩ ግራ ገባው። "ጋሼ፣ ይሄን የመሰለ ዕቃ መልሰው ያንን ቀላሉን ይወስዳሉ? እጅዎ አልወደደውም እኮ!"

"አሁንም አልወደደውም" አለ ሰውዬው። "አምጣው ግን።"

ከዚያው ከሱቁ በቀጥታ ወደ ነሲሴ ቤት። ደረጃውን እያረፈ ወጣ። አልጋዋ አጠገብ ኪቦርዱን ዘርግቶ ጀመረ፤ ወዲያው ተበላሸበት። ጣቱ ከባዱን ለምዷል፤ ቀላሉ ላይ ገና ሳያሳርፈው ይጮኽበታል። ነሲሴ ግን ዜማውን ያዝ አድርጋ ጠበቀችው። ልጅ ሳለችም፣ እሱ ሲሳሳት እንዲሁ ነበር የምታደርገው! ሲያገኘው አብረው ቀጠሉ። ድምፅዋ ደክሟል፤ እሱም ይሳሳታል። በዕድሜው እንደዚያ ቀን አምልኮ አያውቅም።

ወገኖቼ፣ እኛስ? የድሮ ፎቶ ስልካችን ላይ እያገላበጥን እንባችን ይመጣል። "አይ ጊዜ!" እንላለን። ፎቶው ላይ ያለችው አክስታችን ግን በሕይወት አለች፤ ቤቷንም እናውቀዋለን። ያስተማሩን መምህር፣ አብሮን የጸለየው ወንድም፣ በጨነቀን ጊዜ ያስጠጋን ጎረቤት አሉ። ሥራ በዛ፣ ባዶ እጅ አይኬድም፣ በዓሉ ይምጣ እያልን እንቀራለን። በሕይወት ያለን ሰው ለምን ትዝታ እናደርገዋለን? እስኪቀበር ነው የምንጠብቀው? ያን ጊዜማ ሥራም አይዘን፣ መንገድም አይርቀን!

የጠፉትን ፍለጋ እንውጣ እያልን በየሳምንቱ እንጸልያለን። መልካም ነው። ግን በየቤታቸው የተኙት እነዚያ ሰዎች "ጠፋ" የሚሉት ማንን ነው? እኛን ነው! እነሱማ ትተናቸው በሄድንበት አሉ።

ዛሬ ምሳው ይቆይ። ከዚህ ስትወጡ ወደ አንዱ ሂዱ። በሩን አንኳኩ። "ጠፋችሁ" ይሏችኋል። እውነታቸውን ነው። ምክንያት አትደርድሩ፤ ግቡና አጠገባቸው ቁጭ በሉ።