የእስስት ዓይኖችና የጤዛዋ ጠብታ

ተረት ተረት፤ ጤዛ ያደረበት።

እስስት አንዱ ዓይኗ ወደ ቆላ፣ ሌላው ወደ ደጋ እየዞረባት ምላሷ የሚይዘው ነፋስ ብቻ ነበር። ርሃብ ሲጠናባት ዝግተኛዋን ኤሊ፣ «እማማ፣ ምን ይሻለኛል?» አለቻት።

«ልጄ፣ ቅጠሉ ጫፍ ላይ ባለችው ጤዛ ላይ ሁለቱንም ዓይኖችሽን ትከዪ። እስክትወድቅ እንዳትነቅዪ።»

እስስት እንደተባለችው አደረገች። በጠብታዋ ውስጥ ሰማዩ ተዘቅዝቆ፣ ደመናው ቀስ እያለ ሲዋኝ አየች። ርሃቧንም ረሳች።

ወሬ ወዳዱ ዝንብ ግን አላስቻለውም። መጥቶ ቅጠሉ ላይ አረፈና፣ «ምኑን ነው እንዲህ የምታዪው?» አላት።

«ዝም ብለህ እይ» አለችው።

እሱም አየ። ክንፉን ማርገብገብ እንኳ ተወ። ሁለቱም በአንዲት ጠብታ ሰማይ ውስጥ አብረው ተንሳፈፉ።

ጤዛዋ ዱብ አለች።

ዝንብ ፈገግ ብሎ ቀና ሲል፣ ሁለቱም የእስስት ዓይኖች እሱ ላይ ተተክለው ነበር።