በቀሚስ ጫፍ የተቋጠረ ጨው

ልጆች፣ ጆሯችሁን አውሱኝ። ስጨርስ እመልስላችኋለሁ።

ድሮ ነው። ብር ሳይመጣ፣ ሰው ሁሉ በአሞሌ ጨው ይገበያይ በነበረበት ዘመን። አሞሌ ረዘም ተደርጎ የተጠረበ ጨው ነው። ሙሉው ብዙ ይገዛል፤ ስባሪው ጥቂት ይገዛል።

በዚያ ዘመን ወንድይራድ የሚባል ነጋዴ ነበረ። ሚስቱ ትርንጎ ትባላለች። ታላቋ ልጃቸው እንኮዬ፣ ታናሹ ቢተው ነው። በየዓመቱ ግንቦት ልደታን የሚያከብሩት ከቆላው ማዶ፣ በትርንጎ አገር ነበር። መንገዱ ሩቅ ነው። በመንገዱ ገበያ አለ። ገበያና ልጅ ከተገናኙ ደግሞ ልቅሶ አለ።

«አባዬ፣ ሸንኮራ ግዛልኝ!»

«አባዬ፣ ማር ግዛልኝ!»

ወንድይራድ ወይ ይገዛል፣ ወይ ይቆጣል። ገዝቶም ተቆጥቶም ሰላም አያገኝም።

አንድ ዓመት ሊነሱ ሲሉ ትርንጎ፣ «ለልጆቹ የራሳቸውን ስጣቸውና እንረፍ» አለችው።

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» አለ ወንድይራድ። «ወንዙን ሳንሻገር ይጨርሱታል።»

«ይጨርሱት። ሲያልቅባቸው ያውቁታል።»

ወንድይራድ አሰበ፣ አሰበና አንድ አሞሌ ከመካከሉ ሰበረ። ግማሹን ለእንኮዬ፣ ግማሹን ለቢተው ሰጠ። እንዲህም አለ፦

«ያለቀበት አይጠይቅ፣ የተረፈው አይነጠቅ።»

«እሺ» አሉ ልጆቹ። «እሺ» አለች ትርንጎም።

እንኮዬ ጨዋን በቀሚሷ ጫፍ ቋጠረች።

«ምን ልትገዢበት ነው?» አላት አባቷ።

«ቄብ ዶሮ። በእማዬ አገር ገበያ ያሉት ዶሮዎች ግዙፍ ናቸው። አሳድጌ አስፈለፍላታለሁ።»

«እስከዚያ ድረስ ምንም ሳትበዪ?» አለ ቢተው። «አንቺ ተሸከሚ። እኔ እበላለሁ።»

ወንድይራድ ዳለቻ በቅሎውን እየነዳ ከፊት ሄደ። እናትና ልጆች ከኋላ ተከተሉ።

መጀመሪያ ከሸንኮራ ገበያ ደረሱ። ቢተው ሮጦ ጨውን በሙሉ ሰጠና አንድ እስር ሸንኮራ ገዛ። ከንፈሩ እስኪቆስል ድረስ መጠመጠ። እንኮዬም ሸንኮራ አማራት። አየት አደረገች። የሸንኮራ ሻጯ አህያ አልጫንም ብላ ትዞራለች፤ ሴትዮዋም አብራ ትዞራለች።

«እትዬ፣ አህያዎ ጨዌን ትንሽ ትላስ፤ ቆማ ትጫንልዎታለች። ለእኔ አንድ አንጓ ይስጡኝ» አለች እንኮዬ።

አህያዋ ላሰች፣ ቆመች፣ ተጫነች። እንኮዬ ሸንኮራዋን እየመጠመጠች ጨዋን መልሳ ቋጠረች።

ቢተው ግን ሸንኮራው አለቀበትና አለቀሰ። «እማዬ፣ ሌላ!»

ትርንጎ አንጀቷ አልቻለም። መቀነቷን ፈታች፤ የራሷን ስባሪ አወጣች። «በል እንካ። ለአባትህ እንዳትነግር» አለችው።

ቀጥሎ ከእረኞች ገበያ ደረሱ። ቢተው ጨውን በሙሉ ሰጠና ዋሽንት ገዛ። ቢነፋው ፉፉ፣ ቢነፋው ፉፉ። ወርውሮ ጣለው። እንኮዬ ደግሞ አንዲት ፍየል አልታለብ ብላ ስትራገጥ አየች። ጨዋን አስላሰቻት። ፍየሏ ቆማ ታለበች፤ እንኮዬም አንድ ዋንጫ ወተት ጠጣች።

ቢተው አለቀሰ። ትርንጎ መቀነቷን ፈታች። «እንካ። ይኸው፣ የመጨረሻዬ ነው» አለችው።

ከዚያ የበልግ ዝናብ ወረደባቸው። እስኪያባራ ድረስ ከዛፍ ሥር ቆሙ። በእንኮዬ ቀሚስ ጫፍ ያለው ጨው ትንሽ ሟሟ፤ ጨርቁ ጨውን ጠጣ። ፀሐይ ወጥታ አደረቀው።

ሦስተኛ ከማር ገበያ ደረሱ። ቢተው ጨውን በሙሉ ሰጠና ማር ገዛ። ማሩን በላ፤ የተጠቀለለበትን ቅጠል ላሰ። ከዚያ መሬት ላይ ተንከባለለ። «ማር! ማር!»

ገበያተኛው ዞሮ አየ። «የማን ልጅ ነው?» አለ አንዱ። ትርንጎ ፊቷ ቀላ። እጇን ወደ መቀነቷ ሰደደች፤ ምንም የለም።

«እንኮዬ፣ ነይ እስቲ ልጄ» አለች።

እንኮዬ የቀሚሷን ጫፍ ጨበጠች። «እማዬ፣ የተረፈው አይነጠቅ ተብሏል።»

«ታናሽሽ አይደለም እንዴ? ሰው እኮ ሳቀብን! አንቺ ትልቅ ነሽ፤ ይገባሻል።»

ትርንጎ ቋጠሮውን በገዛ እጇ ፈታችው። እንኮዬ አላለቀሰችም።

«ገባኝ» አለች። «የቋጠረ ይቀማል፤ የጨረሰ ይጨመርለታል። ሁለተኛ አልቋጥርም።»

ቢተው ማሩን በላ። ትርንጎ ግን ልጇ ያለቻት ነገር እንደ እሾህ ተሰክቶባት ሄደች።

ከገደሉ አፋፍ ሲደርሱ ወንድይራድ ቆሞ ጠበቃቸው። ገና ሳይነሱ መብረቅ ጮኸ። በቅሎዋ ደነበረች፤ ልጓሟን በጥሳ ወደ ገደሉ ወረደችና ከአንዲት ጠባብ እርከን ላይ ቆመች። የዓመቱ ሸቀጥ፣ የዘመድ ስጦታ፣ አሞሌው ሁሉ ከጀርባዋ ላይ ነው።

ወንድይራድ አለንጋውን አጮኸ። በቅሎዋ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ገመድ አዘጋጅቶ ወረወረ። በቅሎዋ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ቢተው ሣር ነጭቶ ዘረጋላት። አሸተተችና ፊቷን አዞረች፤ ደግሞም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ከሰኮናዋ ሥር ድንጋይ እየተንከባለለ ገደል ገባ።

«ጨው!» አለ ወንድይራድ። «ከጨው በቀር የሚጠራት የለም። ትርንጎ፣ ከመቀነትሽ አምጪ!»

«የለኝም።»

«ቢተው?»

ቢተው በማር የተለወሰ አፉን ጠረገ። «በላሁት።»

«እንኮዬ፣ አንቺ ቆጣቢ ነሽ። የታለ ያንቺ?»

እንኮዬ እናቷን አየች።

ትርንጎ አንገቷን ደፋች። «እኔ ነጠቅኋት» አለች። «የራሴንም ጨርሼ የሷንም ነጥቄ ለቢተው ሰጠሁት።»



እንኮዬ የቀሚሷን ጫፍ ዳበሰች። ጨርቁ ደርቋል፤ ነጭ ነጭ ብሏል። ቀመሰችው። ጨው ነው! ለማንም ምንም ሳትል እርከኑ መግቢያ ላይ ተቀመጠች። የቀሚሷን ጫፍ ዘርግታ ፊቷን ወደ ሌላ አዞረች፤ በቅሎ ሲያዩዋት ትጠረጥራለችና።

በቅሎዋ አሸተተች። አንድ እርምጃ ወደ ፊት አለች። ደግሞ አሸተተች። ደግሞ አንድ እርምጃ። መጥታም ጨርቁን ትልስ ጀመር። ወንድይራድ ቀስ ብሎ አንገቷን ያዘ።

ተንፈስ አለና፣ «ልጅ ያቦካው ለእራት በቃ» አለ። ከጭነቱም አንድ ሙሉ አሞሌ መዞ፣ «እንቺ ልጄ» አላት።

«ቆይ» አለች ትርንጎ። «አንተ ስትሰጣት ስጦታ ነው። የኔ ግን ዕዳ ነው። የነጠቅሁት እኔ ነኝ፤ የምመልሰውም እኔ ነኝ።»

ከአገሯ ገበያ ሲደርሱ ትርንጎ ለልደታ ልትለብሰው የያዘችውን አዲስ ኩታ ሸጠች። ከዋጋው ስባሪ አሞሌ በእንኮዬ እጅ አስቀመጠች፤ የተረፈውን በመቀነቷ ቋጠረች።

«በድዬሻለሁ» አለቻት። «ቋጥሪው። ማንም አይፈታብሽም።»

እንኮዬ ቋጠረችው። ዶሮ ተራ ሄዳ አንዲት ቀይ ቄብ መርጣ ገዛች። ወንድይራድም አሞሌውን ለጫጩቶቹ መኖ መግዣ ይሁን ብሎ አስቀመጠላት።

ቢተው ያንን አይቶ መሬት ላይ ተንከባለለ። ሰው ዞሮ አየ። የትርንጎ እጅ ወደ መቀነቷ ሄደ። ደረሰ። መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ አሰረችና እጇን መለሰች። ሰው አየ፤ ይይ። ሰው ሳቀ፤ ይሳቅ። ቢተው ሲደክመው ተነሣና አቧራውን አራገፈ።

«እማዬ፣ ለከርሞ ስንት ትሰጡኛላችሁ?»

«ያችኑ ስባሪ።»

«ካለቀችስ?»

«አለቀች።»

ትርንጎ በዚያ ልደታ በመንገድ ልብሷ ከዘመዶቿ መካከል ተቀመጠች። «ኩታሽ የታለ?» ሲሏት፣ «ዕዳ ከፈልሁበት» ትላለች።

ዓመት ዞረ። ወንድይራድ አሞሌውን ሰብሮ ለሁለቱም ሰጠ። ቢተው ከማር ገበያ ሲደርስ ጥቂት ማር ገዛና የተረፈውን ጨው ቋጠረ። ሲመለሱ ግን ከእረኞች ገበያ ዋሽንት አይቶ አላስቻለውም፤ ገዛ። ቢነፋው ዘንድሮም ፉፉ ነው። እናቱ ሰማች፣ አባቱ ሰማ። ማንም ምንም አላለውም። ወርውሮ አልጣለውም፤ በገዛ ጨዉ የገዛው ነውና እስከ ቤቱ ድረስ ፉፉ እያለ ሄደ።

ለዚህ ነው አበው ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ የሚሉት። እኔ ደግሞ እጨምርበታለሁ፦ ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ፣ ገንዘብ ሲሰጡት ከነጥፋቱ።

በሉ፣ ጆሯችሁን መልሻለሁ። እናንተም ተረቴን መልሱልኝ፤ አፌን በቁንጥር ጨው አጣፍጡልኝ።