የፊታውራሪ አያናው ሆድና የመሪጌታ ቢረሳው ምላስ

ይህን ያጫወቱኝ አያቴ ናቸው፤ እሳቸውም ከአባታቸው ሰምተው ነው። ጨው የበዛበት ቦታ ካገኛችሁ እኔን አትውቀሱኝ። ቤታችን ከጥንትም ጨው ይወዳል።

መሪጌታ ቢረሳው የዳሞት ሰው ናቸው። ዜማ ያስተምራሉ። ቁመታቸው አጭር፣ ምላሳቸው ረጅም ነበር ይባላል። አብሮ አደጋቸው ፊታውራሪ አያናው ያለ እሳቸው ማዕድ አይቀርቡም። ፊታውራሪ በጉብዝናቸው አንድ የበግ ወርች ብቻቸውን ጨርሰው “ምሳው መቼ ነው?” የሚሉ ሰው ነበሩ። ስልሳ ሰባት ዓመት ሲሞላቸው ግን መንጋጋቸው ረገፈ፤ የበሉትም ሆዳቸው ውስጥ ተቀምጦ አልወርድም ይል ጀመር።

ይህ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። የአገሩ ገዥ ደጃዝማች መሸሻ በየፋሲካው ሹማምንታቸውን ሰብስበው በገዛ እጃቸው ብርንዶ ያጎርሳሉ። “የማይበላ ሹም አይዋጋም” የምትል ቃል ነበረቻቸው። አንድ ዓመት አንድ ሽማግሌ ሹም “ይቅርብኝ” ቢሉ ክረምቱ ሳይገባ ሹመታቸው ለሌላ ተሰጠ። ፊታውራሪ አያናውም “አረጀ” እንዳይባሉ ጥሬውን ሥጋ ሳያላምጡ ይውጡታል፤ ከዚያ ሳምንት ሙሉ ያቃስታሉ። በዚያ ዓመትማ ከፋሲካ በኋላ ሊሞቱ ደርሰው ነበር። ሚስታቸው ወይዘሮ አልጣሽ መሪጌታን ጓሮ ጠርተው፣ “ሹመቱ ገደል ይግባ፤ እኔ ሰውዬውን ነው የምፈልገው። እኔ ስናገር አይሰሙኝም፤ እባክዎ እርስዎ ይንገሩልኝ” ብለው አለቀሱ። ነገሩ የጀመረው ያን ቀን ነው።

መሪጌታ ገብተው ቢያዩ ፊታውራሪ ሆዳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ተጋድመዋል።

“መሪጌታ፣ ይህ ሆዴ ድሮ ድንጋይ ቢሰጡት ይፈጭ ነበር። ዛሬ ምን ነካው?” አሉ።

«ጌታዬ፣ ይፈጭ የነበረው መንጋጋዎ ነው፤ ሆድዎማ ተቀባይ ነበር። ዛሬ እህሉን ሳይፈጩ እየላኩ ዱቄት አምጣ ይሉታል።»

ፊታውራሪ ለጊዜው ሳቁ፤ ምክሩን ግን አልሰሙም። የሆድ ነገር ሁሉ በኮሶ ይድናል ብለው ያምናሉ። በዚያን ዘመን ሰው በየሁለት ወሩ ለትሉ ኮሶ ይጠጣል፤ ኮሶ የጠጣ ሰው በሩን ይዘጋል፣ እንግዳ አያይም፣ ችሎት አይቀመጥም። በፋሲካው ግብር ማግስትማ ከደጃዝማች ጀምሮ የአገሩ ሹም በሙሉ ኮሶውን ጠጥቶ በሩን ስለሚዘጋ ከተማው ጭር ይል ነበር። ፊታውራሪ ግን በአንድ ወር ሦስቴ ጠጡ። ሦስተኛውን በጠጡበት ቀን መሪጌታ ሲመጡ በረኛው እጁን ዘርግቶ፣ “ጌታ ኮሶ ጠጥተዋል፤ አይገባም” አላቸው።

መሪጌታ ድምፃቸውን ወደ እልፍኙ ለቀቁት።

«ትሉ ያለቀው በመጀመሪያው ቀን ነው። ዛሬ ማንን ሊገድሉበት ነው?»

ከውስጥ “አስገባው” የሚል የደከመ ድምፅ መጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ ፊታውራሪ ኮሶውን በወጉ በየሁለት ወሩ ብቻ ጠጡ።

ወይዘሮ አልጣሽ ይህን ሲያዩ ተበረታቱ። ጠዋት የተልባ ውሃ፣ ቀን በደንብ የበሰለ ጎመንና እርጎ፣ ማታ የገብስ አጥሚት አዘጋጁ። ፊታውራሪ ተልባውንም ጎመኑንም እያጉረመረሙ ተቀበሉ። አጥሚቱ ሲቀርብ ግን ጽዋውን ገፍተው ተቆጡ።

“አጥሚት የአራስ ነው። እኔ ጦር ያዘመትኩ ሰው እንዴት የአራስ ምግብ እጠጣለሁ?”

መሪጌታ ጽዋውን አንስተው መልሰው በእጃቸው አስያዟቸው።

«ይጠጡት ጌታዬ። እንደ እርስዎ አራት ቀን አምጦ ባዶውን የተነሣ ሰው በአገራችን ስለሌለ፣ ከአራስም ይልቅ ለእርስዎ ይገባል።»

ወይዘሮ አልጣሽ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ወደ ጓዳ ሮጡ። ሳቃቸው ግን እዚያም ሆነው ይሰማ ነበር። ፊታውራሪ አጥሚቱን ጠጡ፤ እየቆየም ለመዱት፤ ኋላማ ከዘገየ ይቆጡ ጀመር።

ቀጥሎ የቀረው እግር ነበር። ፊታውራሪ የጊዮርጊስ ደብር ከደጃቸው ድንጋይ ቢወረውሩ የሚደርስ ሆኖ ሳለ በበቅሎ ነው የሚሄዱት። ሹም በእግሩ አይሄድማ። መሪጌታ ከበቅሎ ጠባቂው ጋር ተማክረው በቅሎዋ አነከሰች አስባሉ። ፊታውራሪ ምን ያድርጉ፣ ጥላ አስይዘው በእግራቸው ሄዱ። በመጀመሪያው ቀን ሦስት ቦታ ቆመው አረፉ። በሁለተኛው ሳምንት ደብሩን ሁለቴ ዞረው ይመለሱ ጀመር። ሆዳቸውም በየማለዳው ሳይቀሰቀስ ሥራውን ይሠራ ያዘ። ከደስታቸው ብዛት የመጣው ሁሉ “እንዴት አደሩ?” ሲላቸው፣ “ሆዴ ደኅና ነው” እያሉ ይመልሱ ነበር።

አንድ ቀን በቅሎዋ ሜዳ ላይ ስትፈነጭ አይተው መሪጌታን አፋጠጧቸው። “ጤነኛ በቅሎ እያለችኝ በእግሬ አስኬድከኝ?”

«እስከ ዛሬ የሚበሉት እርስዎ፣ የሚሄደው በቅሎዋ ነበር ጌታዬ። ምግቡም የሚፈጨው ለእሷ ነበር።»

እንዲህ እንዲህ እያለ የፊታውራሪ መዳን ባገሩ ተወራ። ለሽማግሌ ሰው ጥቂት ጥቂት፣ ዝግ ብሎ፣ አላምጦ መብላት ነው የሚለውን የመሪጌታን ምክር ጎረቤታቸው ባላምባራስ ካሴም ሰሙ። ባላምባራስ ካሴ በቋጣሪነታቸው የታወቁ ናቸው፤ ቤታቸው የገባ ድመት እንኳ ጾሙን ነው የሚወጣው። ወሬውን ሲሰሙ ደስታውን አልቻሉትም። ወዲያው ሽማግሌዎችን ጠርተው ለስድስት ሰው አንድ እንጀራና በጣት የምትለካ ወጥ አቀረቡ።

“ለሆዳችሁ አስቤ ነው። መሪጌታ፣ ጥቂት ይሻላል ያልከው አንተ አይደለህም?” አሉ ፈገግ ብለው።

«እኔ የመከርኩት በላተኛውን ነው፤ ባላምባራስ ምን አግብቶዎት ለጋባዡ ያደርጉታል?»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ፤ ባላምባራስም እያፈሩ ሁለተኛ እንጀራ አስመጡ። ያም ቤት ሁለተኛ እንጀራ ያየው ያን ቀን ብቻ ነው ይላሉ አያቴ።

ጾሙ ገባ፤ ወጣ። ፋሲካ ደረሰ። ወይዘሮ አልጣሽ ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይናቸው አልዞረም። ባላቸው ብርንዶውን ቢውጡ ያ ሕመም ይመለሳል፤ ዘንድሮ አይተርፉም። እንቢ ቢሉ ደግሞ አርባ ዓመት የደከሙበት ሹመት ይሄዳል። ፊታውራሪም ያውቁታል፤ እያወቁ ነው ካባቸውን የደረቡት።

በደጃዝማች አዳራሽ ሰው ግጥም ብሏል። ደጃዝማች መሸሻ ቢላዋቸውን ይዘው፣ ከተንጠለጠለው ሥጋ ዘልዘል አድርገው ቆርጠው፣ በአዋዜ ነክረው ወደ ፊታውራሪ ዘረጉ። ደጃዝማች ራሳቸውም ሰባን ያለፉ ሰው ነበሩ።

“እንካ፣ ብላ።”

“ደጃዝማች፣ ዘንድሮ ይማሩኝ። ሆዴ አይችለውም” አሉ ፊታውራሪ።

ሹመቱን ሲመኙ የኖሩ ሁለት ሰዎች ቀና ብለው ተቀመጡ።

“የማይበላ ሹም አይዋጋም። ይህን ቃሌን ረሳኸው?” አሉ ደጃዝማች ቀዝቀዝ ባለ ድምፅ።

ፊታውራሪ አንገታቸውን ደፉ። ይሄኔ መሪጌታ ቢረሳው ከበታች ተነሥተው እጅ ነሡ።

«ቃሉስ እውነት ነው። ነገር ግን ብልህ ጠላት የሚመጣው ነገ ነው፤ ነገ የበላው ሹም ሁሉ ኮሶውን ጠጥቶ በሩን ይዘጋል፤ አገሩን የሚጠብቅልዎ ይህ ያልበላው ብቻ ነው።»

ደጃዝማች በእጃቸው ያለውን ሥጋ አዩት። የዘጉትን በርና ያቃሰቱበትን የፋሲካ ማግስት ሁሉ ሳያስታውሱ አልቀሩም። ከዚያ ሥጋውን መሶቡ ላይ መልሰው ዕንባቸው እስኪፈስ ሳቁ፤ አዳራሹም ፈቃድ አገኘና ተከተላቸው። “ለፊታውራሪ እርጎ አምጡ፤ ሹመቱም የራሱ ነው” አሉ። ፊታውራሪ አያናው ያን እርጎ ሲቀበሉ በሰው ፊት አለቀሱ።

ደጃዝማች ቀስ ብለው ለአሳላፊው “ለእኔም” አሉና ዞር ቢሉ፣ መሪጌታ ያን የተረፈውን ዝልዝል አንሥተው፣ ጉንጫቸው አብጦ፣ ከዓይናቸው ዕንባ እየወጣ ይታገላሉ።

“አንተስ ቢሆን የፊታውራሪ እኩያ አይደለህም? ለሰው እየመከርክ ራስህ ትውጠዋለህ?”

መሪጌታ ታግለው ዋጡና አፋቸውን ጠረጉ።

«እኔማ ሹመት የለኝ ጌታዬ፤ ነገ በሬን ብዘጋ ማን ደጅ ይጠናኛል?»