የአንበሳን ማሚቶ ጠርጋ ጣለች የተባለችው አህያ

አንድ ጊዜ የአውሬዎችን ዋሻ እያጸዳች የምትተዳደር አህያ ነበረች። የቅጠል መጥረጊያዋን ተሸክማ ትዞራለች፤ የነብርን ዋሻ ትጠርጋለች፣ የጦጣን ዛፍ ታራግፋለች። ሥራዋን የሚነቅፍ አልነበረም። ነገር ግን ያንኑ ሥራ የሚሠራ አንድ ከርከሮ የሰጎንን እንቁላል ድንጋይ መስሎት ከቆሻሻው ጋር ገደል ሰደደው። ከዚያ ወዲህ የዱሩ አውሬ ሁሉ፣ «ዋስ የሌለው አጽጂ ደጃፌን እንዳይረግጥ!» አለ።

አህያ ሥራ ሲጠፋባት ቀበሮን አማከረቻት።

«እመት አህዪት፣ አንቺ የሚያስፈልግሽ ኢንሹራንስ ነው» አለች ቀበሮ።

«ይበላል?»

«አይበላም። ስታጸጂ የሌላውን ንብረት ብታበላሺ ካሳውን የሚከፍልልሽ አለ ማለት ነው። አያ ጅቦ ይህን ሥራ ጀምሯል።»

አህያ ጆሮዋን ቀሰረች። «አያ ጅቦ እኮ አያቴን በልቷታል!»

«ታዲያ ከቤተሰብሽ ጋር የቆየ ትውውቅ አለው ማለት አይደል?»

አህያ አሰበች፣ አሰበች፤ ነገሩ እውነት መሰላት። ከየዋሻው የምትጠርገውን አጥንት ሁሉ ለጅብ ልትሰጥ፣ ጅብም ያበላሸችውን ሊተካ ተስማሙ። ቀበሮ ለአገናኝነቷ መቅኒ ያለውን አጥንት እየመረጠች ትወስዳለች። ሥራው እንደገና ጎረፈ፤ በመጨረሻም አንበሳ ራሱ አስጠራት።

አንበሳ አንድ ልማድ ነበረው። ከዋሻው መካከል ይቆምና «የዱሩ ጌታ አንበሳ!» ብሎ ያገሳል። ዋሻውም «አንበሳ! አንበሳ!» ይላል። አንበሳ የገደል ማሚቶ ማለት ግድግዳው ውስጥ የምትኖር አድናቂው ትመስለው ነበር።

አህያ ልታስደስተው ፈልጋ ዋሻውን ጠርጋ ስታበቃ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች በመጥረጊያዋ እየሰካች በደረቅ ሣር አለበሰችው። አንበሳ ከአደን ተመልሶ አገሳ። ዋሻው ዝም! ደግሞ አገሳ። አሁንም ዝም!

«ማሚቶዬን የት አደረግሻት?» ብሎ ጮኸ። «ከቆሻሻው ጋር ጠርገሽ ጥለሻታል! አሁኑኑ ካልመጣች እበላሻለሁ!»

«ጌታዬ፣ አይቆጡ፣ ኢንሹራንስ አለኝ» አለች አህያ።

ጅብ ተጠራ፤ ቀበሮም ተከትላው መጣች።

«አያ ጅቦ፣ የጌታዬ ማሚቶ ጠፍታብኛለችና ተካልኝ» አለች አህያ።

ጅብ ራሱን አከከ። «ማሚቶ ከየት አመጣለሁ?»

ቀበሮ ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ አንሾካሾከች። የአህያ ጆሮ ግን ረጅም ነውና ሰማች። «አንተ ሞኝ! ካልከፈልክ አንበሳ ይበላታል። አንበሳ በልቶ የተረፈው የማን ነው?»

የጅብ ፊት በራ። ምራቁን ዋጥ አደረገና፣ «እኔ የምተካው የተሰበረ ነገር ነው። ማሚቶ ጠፋች እንጂ አልተሰበረችም። አይመለከተኝም!» አለ።

«አጥንቴን ስትቆረጥም እንዲህ አላልክም!»

«ያኔ አፌ ሞልቶ ነበር» አለ ጅብ።

አህያ አሁን ገባት። አጥንት ስትገብርለት የኖረችው እሷ እስክትወድቅ አድፍጦ ለሚጠብቃት ኖሯል። አንበሳ ጥፍሩን ሊስል ወደ ደጅ ወጣ። አንዳንዱ ሲፈራ ያለቅሳል፣ አንዳንዱ ይሮጣል፤ አህያ ግን ስትፈራ ይርባታል። ግድግዳው ላይ ያለውን ሣር ትግጠው ጀመር።

«ብዪ እንጂ፣ ብዪ!» አለ ጅብ ደስ ብሎት። «ትንሽ ሥጋ ይጨምርልሻል።» አፏ የማይደርስበትን ከላይ እየነቀለ ያጎርሳት ገባ። ሣሩ ሲያልቅ ግድግዳው ባዶውን ቀረ። ጅብም መታገስ አቅቶት፣ «ጌታዬ፣ ጠግባለች፣ ይብሏት!» ብሎ ጮኸ።

«ይብሏት! ይብሏት!» አለ ዋሻው።

አንበሳ ዘሎ ገባ። «ማሚቶዬ!» አለና ወዲያው ዓይኑ ደም ለበሰ። «ለእኔ ዝም ብላ ለጅብ? ኧረ ከአፉ ነው የወጣችው! የዋጥካት አንተ ነህ!»

«ኧረ ጌታዬ፣ እኔ አልዋጥኩም!»

«ዋጥኩም! ዋጥኩም!» አለ ዋሻው።

አንበሳ ከዚህ በላይ ምስክር አልፈለገም። ጅብ ሲሮጥ አንበሳ ሲከተል ሦስት ኮረብታ አለፉ። ቀበሮ፣ «እኔ አገናኝ ብቻ ነኝ» እያለች በሌላኛው በኩል ሾለከች።

አህያ መጥረጊያዋን አንስታ በቀጥታ ወደ ከርከሮ ሄደች፤ ከርከሮም አብራው የምትሠራውን ጃርት ጠራ። ሦስቱም አጽጂዎች ነበሩ፤ አንዳቸው ቢያበላሹ በሦስቱም ስም መጥፎ ወሬ ይወራል። ስለዚህ የአንዱን ጥፋት ሦስቱ ሊተኩ ተማማሉ። ክረምት ሲገባ አህያ ስታጸዳ ሳታስበው የጉሬዛን አልጋ በእርግጫ ሰባበረችው። ከርከሮ በክራንቻው ግንድ ፈነቀለ፣ ጃርት በእሾኋ ቅጠል ሰፋች፣ አህያ ተሸክማ አደረሰች። ጉሬዛም በአዲሱ አልጋ ላይ ሲገላበጥ ዋለ።

ከዚህ የምንማረው፣ ዋስ ስንመርጥ በውድቀታችን አብሮን የሚጎዳውን እንጂ ውድቀታችን የሚያጠግበውን መምረጥ እንደሌለብን ነው።